መጨረሻውን የሚያውቅ ጠራዥ

ለዓመታት ክፍል በክፍል ሲጻፍ የቆየ ታሪክ አንድ ቀን ተሰብስቦ በጠንካራ ሽፋን ይታሰራል። ቃሉ ያው ነው፤ መጽሐፉ ግን ያው አይደለም። የመጀመሪያውን ክፍል የጻፈው ሰው በመጨረሻው ማን እንደሚሞት፣ ማን እንደሚከዳ፣ ማን እስከ ፍጻሜው እንደሚታመን አያውቅም ነበር። ክፍሎቹን የሚያስራቸው ሰው የሚመጣው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነውና መጨረሻውን ያውቃል። ይህ እውቀት በጽሑፉ ላይ ትልቅ ሥልጣን ይሰጠዋል። በዚህ ምዕራፍ የምንመለከተው ጠራዡ በዚያ ሥልጣን ምን ማድረግ እንደሚገባው፣ ምንስ መንካት እንደሌለበት ነው። ዓመታቱን በሙሉ ያስቀመጥኳቸው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መነሻዬ የሆነው አገር ከጣና ምሥራቅ ያለው ደጋና ሜዳ ነው። ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው ሐሙሲት ሲደርስ ሐይቁ በስተግራው ይቀራል፤ ጣና ቂርቆስን የመሰሉ የምሥራቁ ዳርቻ ገዳማት ከዚያ ሩቅ አይደሉም። የፎገራን ሜዳ ይዞ ወረታ ላይ ወደ ቀኝ የታጠፈ ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ ደብረ ታቦር ይገባል። በአንድ ወገን የመጻሕፍት መሸሸጊያ የሆኑት ደሴቶች፣ በሌላ ወገን የመሳፍንትና የነገሥታት መቀመጫ የነበረው ተራራ፣ በሰሜን ጎንደር። በየዓመቱ እየተጻፈ ስለኖረው የነገሥታት ታሪክ ለመናገር ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም።

የጎንደር ዘመን ዜና መዋዕል የሚጻፈው የሠራዊቱን ዓመት ተከትሎ ነው። ክረምቱን ንጉሡ በከተማው ይከርማል። ዝናቡ ሲያባራ፣ ወንዙ ሲጎድል፣ ነጋሪት ተጎስሞ ዘመቻ ይወጣል። ጸሐፊው ዓመቱን በወንጌላዊው ስም ይከፍተዋል፤ ዘመነ ማቴዎስ ወይም ዘመነ ማርቆስ ብሎ ይጀምርና ንጉሡ በየትኛው ወር ከየት ተነስቶ የት እንደሰፈረ፣ ማን እንደተሾመ፣ ማን እንደተሻረ፣ ማን እንደሞተ በተራ ያሰፍራል። ክረምት ሲመጣ ክፍሉ ይዘጋል። የሚቀጥለው ክፍል ምን እንደሚይዝ የሚያውቀው የሚቀጥለው በጋ ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ ምን ዓይነት ጀብዱ እንዳለ ለማየት የአፄ ሱስንዮስን ዜና መዋዕል መክፈት ይበቃል። ሱስንዮስ ልጅ ሳለ አባቱ በኦሮሞ ጦር ተገደለ፤ እሱም ተማረከና ከማረኩት ሰዎች ጋር ከአንድ ዓመት በላይ ኖረ። ከተመለሰ በኋላም ዙፋኑ ላይ እስኪወጣ ድረስ ጭፍራ እያስከተለ በየአውራጃው ሲንከራተት፣ ሲዋጋ፣ ሲሸሽ፣ እንደገና ሲሰባሰብ ቆየ። በ1607 ጎል በተባለው ቦታ ባላጋራውን አፄ ያዕቆብን ድል አድርጎ ነገሠ። የዛሬ ልብ ወለድ ጸሐፊ ይህን ሁሉ ቢፈጥረው አጋነንክ ይባል ነበር።

ዜና መዋዕሉን የጀመሩት አባ ምሕርካ ድንግል ናቸው፤ የጨረሰው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ጢኖ በሚለው ስም የሚታወቀው አዛዥ ተክለ ሥላሴ። በሁለቱ መካከል አገር ተለዋውጧል። ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀበለ፤ ከብዙ ደም መፋሰስ በኋላ በ1632 መንግሥቱን ለልጁ ለፋሲለደስ አስረከበ። ስለ ወጣቱ ሽፍታ መስፍን የሚተርከው የመጀመሪያው ክፍል ይህ ሁሉ እንደሚመጣ አያውቅም። እንዲያውቅም ባንፈልግ ይሻላል፤ የጽሑፉ ሕይወት ያለው ባለማወቁ ውስጥ ነውና። ወጣቱ ሲያመልጥ አንባቢው የሚተነፍሰው ጸሐፊውም አብሮ ስለሚተነፍስ ነው።

የአፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ዜና መዋዕልም ባለ ሁለት እጅ ነው። ሐዋርያ ክርስቶስ የጀመረውን ዘወልድ ቀጠለው። ኢያሱ ከ1682 ጀምሮ የነገሠ፣ ዘመቻው ብዙ፣ ስሙም ገናና ነበር። በመጨረሻ ከቤተ መንግሥት ርቆ ጣና ላይ ወዳለ ደሴት ገባ፤ በዚያ ሳለ ልጁ ተክለ ሃይማኖት በጎንደር ነገሠ። በ1706 ኢያሱ ጨቅላ መንዞ በተባለችው ደሴት ተገደለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተክለ ሃይማኖትም ተገደለ። ከዚያ የነገሠው የኢያሱ ወንድም ቴዎፍሎስ የወንድሙን ገዳዮች እያደነ ቀጣ፤ የተክለ ሃይማኖት እናት መለኮታዊትም ከቅጣቱ አላመለጠችም።

እነዚህን ሦስት መንግሥታት ለየብቻቸው አድርገህ አስባቸው። በአባትየው በኢያሱ ዘመን የሚጽፍ ሰው የኢያሱን ገናናነት ይጽፋል። በልጁ በተክለ ሃይማኖት ዘመን ብርዕ የሚያነሳ የሚናገረውና የሚያልፈው አለ። በቴዎፍሎስ ዘመን ደግሞ ትናንት በሹክሹክታ የተባለው በአደባባይ ይነገራል። ሦስቱ ጎን ለጎን በአንድ ሽፋን ሲቀመጡ አንባቢው ከሦስቱ ጸሐፊዎች አንዱም ያላየውን ያያል። ይህ የጠራዡ የመጀመሪያ ስጦታ ነው። ለዚህ ስጦታ አንድም ቃል መጨመር አላስፈለገውም፤ ማሰለፍ ብቻ በቃው።

ማሰለፉን በሰፊው ያደረገው ሰው ደጃዝማች ኃይሉ እሸቴ ነው። አባቱ እሸቴ የእቴጌ ምንትዋብ ወንድም ነበር፤ ኃይሉ ስለዚህ በቤተ መንግሥት ወሬ መካከል ያደገ ሰው ነው። ዘመኑ ግን ለመጽሐፍ የሚመች አልነበረም። አፄ ኢዮአስ በ1769 በራስ ሚካኤል ስሑል ትእዛዝ ከተገደሉ ወዲህ ንጉሥ የሚነግሠውና የሚወርደው በመሳፍንት ፈቃድ ሆኗል። የነገሥታቱ ታሪክ አንዱ ክፍል አንድ ቤት፣ ሌላው ክፍል ሌላ ገዳም ተበታትኖ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ሲደክም የሚጽፈውም የሚጠብቀውም ይጠፋል። ኃይሉ በ1785 ገደማ የተበታተኑትን የነገሥታት ታሪኮች አስፈልጎ፣ አስገልብጦ፣ ከቀደሙት ነገሥታት ጀምሮ እስከ ቅርብ ዘመን የሚደርስ አንድ ስብስብ አስጻፈ። ሊቃውንት ዛሬም ይህን ሥራ የሚጠሩት በእሱ ስም ነው።

የዚህ ሰው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ያስገርመኛል። ሌላው መስፍን ጠመንጃ ሲሰበስብ እሱ ጥራዝ ሰበሰበ። ኃይሉ ይህን ያደረገው ነገሥታቱ ኃያላን በነበሩበት ጊዜ አለመሆኑን ልብ በል። ክፍሉ እየተጻፈ ሳለ ሰብሳቢ አያስፈልግም፤ የሚቀጥለው ክፍል እንደሚመጣ ሁሉም ያምናል። ሰብሳቢ የሚነሳው ክፍሉ መቋረጡን ያየ ሰው ሲኖር ነው። የስብስቡ አንድ ቅጂ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ከጎንደር ወደ ጀርመን ተጓዘ፤ በ1832 ጎንደር የገባው ኤድዋርድ ሩፔል ለትውልድ ከተማው ለፍራንክፈርት ይዞት ሄደ። የአውሮፓ ሊቃውንት የጎንደርን ነገሥታት ታሪክ ማጥናት ሲጀምሩ ከእጃቸው ከገቡት ዋና ምንጮች አንዱ ይህ ነበር።

አሁን ወደ እጅ ሥራው እንግባ፤ የአገራችን አጠራረዝ ለእንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ የተፈጠረ ይመስላልና። ብራናው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ይዘጋጃል። ሉሁ መሐል ለመሐል ታጥፎ ሁለት ቅጠል ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ አራት ሉህ እርስ በርሱ ገብቶ ስምንት ቅጠል ያለው አንድ ጥራዝ ይወጣዋል። ገጹ ትልቅ ሆኖ ከአንድ ቆዳ አንድ ሉህ ብቻ ቢገኝ፣ ሁለት መቶ ቅጠል ያለው መጽሐፍ የ100 ፍየል ቆዳ ይፈጃል ማለት ነው። ጸሐፊው የሚጽፈው ገና ባልታሰረው ጥራዝ ላይ ነው። አንዱ ጥራዝ ሲሞላ ወደ ጎን ይቀመጣል፣ ሌላው ይጀመራል። ተራው እንዳይዛባ በየጥራዙ መጀመሪያ ላይ ቁጥር የሚያኖሩ ጸሐፊዎች ነበሩ።

ሁሉም ሲያልቅ ጠራዡ ይመጣል። ከዋንዛ ወይም ከሌላ ጠንካራ እንጨት የተጠረቡ ሁለት ገበታዎች ያዘጋጃል፤ ጥራዞቹን በክር እያያያዘ አንዱን ከሌላው፣ ዳርና ዳሩን ከገበታው ጋር ይሰፋቸዋል። ስፌቱ እንደ ሰንሰለት ነው፤ እያንዳንዱ ጥራዝ የሚይዘው ከእሱ በፊት ያለውን ነው። ከዚያ ቀይ ቆዳ ይለብሳል፤ ደጓሹ በጋለ ብረት መስቀሉንና ሐረጉን ያትምበታል። በመጨረሻ ማኅደር ይሰፋለትና በጠፍር ከግድግዳ ይሰቀላል።

ይህ አሠራር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ክሩ ሲበጠስ መጽሐፉን ፈትቶ እንደገና ማሰር ይቻላል፤ ሲታሰርም በፊት ያልነበረ ጥራዝ መጨመር ይቻላል። ስለዚህ በአንድ ገበታ መካከል የተለያየ እጅ፣ የተለያየ የቀለም ድምቀት፣ አንዳንዴም የተለያየ የብራና ውፍረት ይገኛል። የሚያውቅ ዓይን መጋጠሚያውን ወዲያው ያየዋል። በእኔ ፍርድ ይህ መታየቱ ጉድለት ሳይሆን ክብር ነው፤ አንባቢው የት ላይ ሰው እንደተለወጠ ያውቃልና።

መጋጠሚያው እንዳይታይ ተደርጎ የሚታሰር የተከታታይ ጽሑፍ ዓይነትም አለ። እዚህ ላይ ከአገራችን ወጣ ማለት ያስፈልጋል።

በ1974 አሜሪካውያኑ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርንሰን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ የተባለ ጨዋታ አሳተሙ። አራት አምስት ጓደኛሞች ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዱ ተራኪና ዳኛ ይሆናል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ይጫወታሉ፤ ጦረኛ፣ ጠንቋይ፣ ሌባ። ተራኪው ከፊታቸው ያለውን ይነግራቸዋል፣ እነሱ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፣ የሚያጠራጥረውን ደግሞ ዳይስ ይወስነዋል። ተራኪው ሁሉን ከራሱ እንዳይፈጥር፣ ቦታውን፣ ጠላቱንና ምስጢሩን አዘጋጅቶ የሚሰጥ የጀብዱ ጽሑፍ ይታተምለታል። በ1978 ጋይጋክስ በግዙፍ ሰዎች ላይ የሚደረግ ዘመቻን በሦስት ቀጫጭን መጽሐፍ አወጣ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሦስቱ በአንድ ላይ ታተሙ፤ በ1986 ደግሞ ከተከታዮቹ ጋር ሆነው ሰባቱም ክፍሎች አንድ ወፍራም መጽሐፍ ሆኑ።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተለመደ። ደንጀን በተባለው መጽሔት ከ2003 ጀምሮ ሻክልድ ሲቲ የተሰኘ ረጅም ጀብዱ ክፍል በክፍል ወጣ፤ መጽሔቱን ያሳትም የነበረው ፓይዞ በ2005 ሰብስቦ በጠንካራ ሽፋን አሳተመው። ሲሰበሰብ ግን አንድ ነገር ታየ። ተጫዋቾቹ ከአንዱ ክፍል ወደ ሚቀጥለው ሲያልፉ የሚጠበቅባቸውን ያህል አልጠነከሩም፤ በመካከል ደረጃ ጎድሏል። መጽሔቱን በየወሩ የሚያነብ ተራኪ ክፍተቱን ከራሱ እየፈጠረ ይሞላ ነበር። መጽሐፉን ገዝቶ ከዳር እስከ ዳር ለሚያጫውት ግን ክፍተቱ ገደል ነው። ስለዚህ አሳታሚዎቹ በመጽሔቱ ያልነበረ አዲስ ክፍል አስጽፈው በመካከል ከተቱበት።

ሌላው ምሳሌ የዚያው የፓይዞ ነው። ራይዝ ኦፍ ዘ ሩንሎርድስ የተባለው ጀብዱ በ2007ና በ2008 በስድስት ክፍሎች ወጣ። በ2009 ኩባንያው ፓዝፋይንደር የተባለውን የራሱን የጨዋታ ደንብ አወጣ፤ ስድስቱ ክፍሎች ግን የተጻፉት በአሮጌው ደንብ ነበር። በ2012 በአንድ ሽፋን ሲሰበሰቡ የእያንዳንዱ ጠላት ኃይል፣ የእያንዳንዱ ወጥመድ ክብደት በአዲሱ ደንብ ተሰልቶ እንደገና ተጻፈ። የመጨረሻው ክፍል ጠላት በመጀመሪያው ክፍል በጥቂቱ እንዲጠቆም ማድረግም የዚህ ዓይነት ስብሰባ የተለመደ ሥራ ነው፤ መጨረሻውን የሚያውቀው ጠራዥ ወደ ኋላ ተመልሶ ዘር ይዘራል።

ይህ ማጭበርበር ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ አልልም። የጨዋታ መጽሐፍ የሚሠራበት መሣሪያ ነው። የሚያነበው ሰው ነገ ማታ ጓደኞቹን ጠረጴዛ ዙሪያ ሰብስቦ ሊያጫውትበት ነው፤ ካርታው ከተሳሳተ፣ ደረጃው ካልተያያዘ፣ ያ ምሽት ይበላሻል። በየክፍሉ መግቢያ ላይ የሚደጋገመው ማስታወሻ መውጣት አለበት፣ በየመጽሔቱ የተበተነው ካርታ አንድ ቦታ መሰብሰብ አለበት፣ ተጫዋቾች ያገኙት ስሕተት መታረም አለበት። ክፍሎቹን እንደነበሩ ለጥፎ የሚሸጥ አሳታሚ ገዢውን አላከበረም።

ዜና መዋዕል ግን ምስክር ነው። ምስክርን አታርመውም። የኢያሱ ጸሐፊ በ1690ዎቹ ሲጽፍ የ1706ን ሞት እንዲጠቁም አድርገህ ብታስተካክለው ታሪኩ ይበልጥ የተያያዘ ይመስላል፤ በዚያው ቅጽበት ግን ዋጋው ያልቃል፤ ስለ 1690ዎቹ የሚነግረን ሰው ከእንግዲህ የለምና። ስለዚህ ማንኛውም ሰብሳቢ ክር ከመምዘዙ በፊት የያዘው የቱ እንደሆነ መወሰን አለበት። የሚሠሩበት ከሆነ ይጠግነው፣ ይሙላው፣ ያስተካክለው። ምስክር ከሆነ ያሰልፈው፣ መጋጠሚያውን ያሳይ፣ እጁን ያንሳ። ሁለቱን ያደባለቀ ሰብሳቢ ጨዋታውን የማይጫወቱት፣ ታሪኩንም የማያምኑት መጽሐፍ ያወጣል።

ይህ ልዩነት ለደብረ ታቦር የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከተማዋን የየጁው ራስ ጉግሣ መቀመጫቸው አደረጓት፤ በኋላም አፄ ቴዎድሮስ ብዙ ጊዜ የተቀመጡባት፣ አጠገቧ ባለችው ጋፋት የውጭ አገር ባለሙያዎችን አስፍረው መድፍ ያሠሩባት ናት። የቴዎድሮስን ታሪክ በአማርኛ የጻፉ ሦስት የዘመኑ ወይም ለዘመኑ ቅርብ የሆኑ ሰዎች አሉ። ደብተራ ዘነብ ንጉሡ በሕይወት ሳሉ፣ ፍቅርና ተስፋ ባልጠፋበት ጊዜ ጻፈ፤ ጽሑፉ ወደ 1860 አካባቢ ይቆማል። አለቃ ወልደ ማርያም ሁሉም ካለፈ በኋላ ጻፉ፤ የንጉሡን ክብርም ጭካኔም በአንድ እጅ ያዙ። ሦስተኛው ስሙን አልተወልንም። ዘነብን ጀርመናዊው ኤኖ ሊትማን በ1902፣ ስም የለሹን ጣልያናዊው ሉዊጂ ፉሴላ በ1950ዎቹ አሳተሙ፤ ወልደ ማርያምን ደግሞ ሞንዶን ቪዳዬ በፓሪስ።

ሦስቱን አንድ ላይ በጠንካራ ሽፋን አስሮ ለደብረ ታቦርና ለሐሙሲት ተማሪ፣ ለአዲስ ዘመንና ለንፋስ መውጫ መምህር የሚሰጥ አሳታሚ እንዲነሳ ከልቤ እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው ፈተና ግን ማቀላቀል ነው። አንድ ብልህ አርታኢ ሦስቱን ወስዶ አንድ የሚፈስ ትረካ ሊያወጣ ይችላል፤ ከቋራ ተነስቶ ንጉሡ በሞቱበት በመቅደላ የሚያልቅ፣ መጀመሪያው ላይ መጨረሻው የሚሸት። ዘነብ ስለ ወጣቱ ንጉሥ ሲጽፍ የነበረው ተስፋ በዚያ ትረካ ውስጥ ቦታ አያገኝም፤ መቅደላን የሚያውቅ ሰው እንዲያ አይጽፍምና።

የምመርጠው ሌላ አሠራር ነው። ገጹ በሦስት ዐምድ ይከፈል፤ በግራ ዘነብ፣ በመካከል ወልደ ማርያም፣ በቀኝ ስም የለሹ። ዓመቱ በኅዳግ ይጻፍ። ሁለቱ አንድን ውጊያ በተለያየ ቀን ካስቀመጡት ሁለቱም ቀናት ይቆዩ፣ ማስታወሻ ከግርጌ ይግባ። የቦታ ስሞች ሁሉ ከኋላ በአንድ ማውጫ ይሰብሰቡ፤ የአካባቢው ልጅ የራሱን ቀበሌ ፈልጎ የሚያገኘው በዚያ ነውና። ካርታውም ከመጽሐፉ ጋር ይታሰር፤ ይህን አንዱን ከጨዋታ መጻሕፍቱ አሳታሚዎች መውሰድ ይገባል።

የዘነብ ዐምድ የሚያልቅበትም ቦታ በግልጽ ይታይ። ቴዎድሮስ በ1867 ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ በጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሰው እየጎተተው ወደ መቅደላ የሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ደብረ ታቦር ስለ ራሷ መቃጠል የምታነበው ከሌሎቹ ምስክሮች ይሆናል፤ በዚያ ገጽ ግርጌ አርታኢው ዘነብ የት ላይ እንዳቆመና ቀጣዩን ቃል ማን እንደያዘ በአንድ መስመር ይንገራት።